የቀረው ግማሽ ዓመት

እኔ የ2014 የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ተፈታኝ ነኝ። ይህን ስናገር አገር ሁሉ የሚያውቀው ቁጥር አብሮኝ ይመጣል። በጥር 2015 ትምህርት ሚኒስቴር ውጤት ሲያሳውቅ፣ ውጤታቸው ከተገለጸው 896,520 ተማሪዎች ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ። ከመቶ 3.3 መሆኑ ነው። ተማሪ ካስፈተኑት 2,959 ትምህርት ቤቶች 1,161ዱ አንድም ልጅ አላሳለፉም። ሚኒስትሩ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ መግለጫውን ሲሰጡ ቁጥሩ በሬዲዮ እየተደጋገመ ተነገረ፤ ከዚያ በኋላ ስለ እኛ ያልተባለ ነገር የለም። ሰነፎች ተባልን፣ በኩረጃ ያደጉ ተባልን፣ ስልክ ያሰከራቸው ተባልን። ካለፉት ውስጥ አልነበርኩም። አሁን ግን ሦስተኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪ ነኝ፤ ከዚያ ቁጥር ውስጥ እንዴት እንደወጣሁ አውቃለሁ። እንዴት እንደገባንበትም አውቃለሁ፤ መመስከር የምፈልገውም በተለይ ይህንኑ ነው። የእኔ ትውልድ የወደቀው ጥቅምት ላይ፣ ፈተናው ክፍል ውስጥ ብቻ መስሎ ከቀረ ታናናሾቻችንም በዚያው መንገድ ይሄዳሉና።

ያደግሁት ሀዋሳ፣ ሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል አጠገብ ነው። እንግዳ አሞራ ገደልን የሚያውቀው በጠዋት መጥቶ የዓሣ ሾርባ ጠጥቶ፣ አባ ኮዳዎቹ የዓሣ አንጀት ሲሻሙ ፎቶ አንስቶ ነው። ለእኛ ግን የእንጀራ ቦታ ነው። ሌሊት መረብ የጣሉ ጀልባዎች ሲነጋ ይመለሳሉ፤ ቆሮሶው ለብቻ፣ አምባዛው ለብቻ ይከመራል፤ ልጆች ቢላ ይዘው ቅርፊት ይፍቃሉ፤ እናቶች ምጣድ ይጥዳሉ። እናቴ ዓሣ ጠብሳ ትሸጣለች። ወንድሜ ጀልባ ላይ ነው። ታናሽ እህቴና እኔ ከትምህርት በፊት ዓሣ እናጥባለን፣ ከትምህርት በኋላ ሰሃን እናጥባለን። ክፍል ውስጥ ልብሴ ዓሣ ዓሣ ይሸታል ብዬ ሁልጊዜ መስኮት አጠገብ እቀመጥ ነበር።

ወንድሜ ጀልባ ላይ የወጣው ወዶ አይደለም። በ2011 የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ወሰደ። በ1986 በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት ተማሪ ስምንት ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ ሁለት ዓመት አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ ይማርና 10ኛ ክፍል ላይ ይፈተን ነበር። ነጥብ ያመጣ 11ኛ ክፍል፣ መሰናዶ ይገባ ነበር፤ ያላመጣ ወደ ቴክኒክና ሙያ ይሄድ ነበር፣ ወይም ወደ ሥራ። ወንድሜ ለመሰናዶ የሚያበቃ ነጥብ አልመጣለትም። ቴክኒክና ሙያ ተመዝግቦ ጀምሮ ነበር፤ በዚያ ሰሞን ቤታችን ገንዘብ ጠፋ፣ እሱም አቋርጦ ወደ ሐይቁ ወረደ። ያ የ10ኛ ክፍል ፈተና ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በዚያው በ2011 ነው። በሚቀጥለው ዓመት እኔ 10ኛ ክፍል ስገባ ፈተናው ቀርቶ ነበር። እናቴ እጆቿን ወደ ሰማይ ዘርግታ አመሰገነች። «አንቺን የሚያስቀርሽ የለም» አለችኝ።

ዛሬ ሳስበው ያ ፈተና መቅረቱ ልክ ነበር። በአሥራ ስድስት ዓመቱ የአንድን ልጅ ዕጣ መወሰን ጭካኔ ነው። ነገር ግን ፈተናው የሚሠራው አንድ ሥራ ነበር፤ 10ኛ ክፍል ላይ ሁሉንም አስቁሞ «ምን ያህል ታውቃለህ? ቀጥሎ ወዴት?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ፈተናው ሲነሣ ጥያቄውም አብሮ ተነሣ። ልጁን አስቀምጦ የሚያነጋግር፣ ይህን ከመረጥሽ ይህ ይከፈታል፣ ያ ይዘጋል የሚል ሰው በቦታው አልተተካም።

ያ 2012 ለእኛ ከተማ ከባድ ዓመት ነበር። በኅዳር የሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ፣ በዓመቱ መጨረሻ አዲሱ ክልል ተመሠረተ፣ በመካከሉ ኮሮና ገባ። በመጋቢት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። የሁለተኛው መንፈቅ ትምህርት ገና መጀመሩ ነበር። ትምህርት በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥን፣ በቴሌግራም ይሰጣል ተባለ፤ እኛ ቤት በነበረችው ቁልፍ ስልክ ቴሌግራም አይሠራም። ሆቴሎች ሲቀዘቅዙ የዓሣ ገበያውም ቀዘቀዘ፤ እናቴ የምታወጣው ብር ጠፋ፣ እኔም ሙሉ ቀን ሥራ ላይ ዋልኩ። ከ8ኛና ከ12ኛ ክፍል በቀር ሌላው ተማሪ ወደሚቀጥለው ክፍል እንዲዛወር ተወሰነ፤ የቀረው ትምህርት በማካካሻ ይሸፈናል ተባለ። እኛ ጋ ማካካሻው ጥቂት ማስታወሻ ጥቁር ሰሌዳ ላይ መገልበጥ ሆኖ አለፈ።

የቀረው ምን ነበር? ይህን በዝርዝር መናገር እፈልጋለሁ፤ «ኮሮና ትምህርት አስተጓጎለ» ሲባል ሰው የሚሰማው ጭስ የመሰለ ነገር ነውና። የእኛ የ10ኛ ክፍል ሒሳብ በፖሊኖሚያል ይጀምር ነበር፣ ሎጋሪዝም ይከተላል፣ ከዚያ ኢኒኳሊቲ፤ ኮኦርዲኔት ጂኦሜትሪና ትሪጎኖሜትሪ የሚመጡት በኋለኛው የመጽሐፉ ክፍል ነበር። ፊዚክሱም እንዲሁ፤ ኤሌክትሮማግኔቲዝም፣ ኤሌክትሮኒክስ፣ የብርሃን ትምህርት ሁሉ ኋላ ላይ ነበር። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ በእነዚህ ሁሉ ላይ ተዘጋ። የትሪጎኖሜትሪውን ምዕራፍ ከመምህር አፍ ሳንሰማ 11ኛ ክፍል ገባን።

ከመግባታችን በፊት ቅጽ ሞላን። ናቹራል ወይም ሶሻል፤ የተፈጥሮ ሳይንስ ወይም የማኅበራዊ ሳይንስ። ከሁለቱ አንዱ ላይ ምልክት ማድረግ ነው፤ ቅጹ ከዚህ ሌላ የሚለው ነገር አልነበረውም። ሰፈር ውስጥ ምክር ግን ሞልቷል። ናቹራል የጎበዝ ነው፣ ሶሻል ይቀላል፤ ናቹራል ሥራ አለው፣ ሶሻል የለውም። ይህ ወሬ ከየትም አልመጣም፤ ከ2000 ጀምሮ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው ተማሪ 70 ከመቶው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 ከመቶው ማኅበራዊ ሳይንስ ይማር ብሎ ስለነበር አንድ ትውልድ ሙሉ በዚያ መስፈሪያ ሲሰፈር ኖሯል። «ሶሻል ይቀላል» የሚለው ምክር ስንቱን እንዳሳተ ግን የእኛ ውጤት ተናገረ። ካለፉት 29,909 ውስጥ 22,936ቱ የናቹራል ተፈታኞች ነበሩ። ከሶሻል ተፈታኞች ያለፉት ከመቶ 1.3 ብቻ ናቸው። ይቀልሃል ተብሎ የተላከው ልጅ፣ እንግሊዝኛው ከብዶት፣ ሒሳብ ተገላገልኩ ብሎ ጥሎት፣ ሒሳቡ ፈተናው ላይ ጠበቀው።

እኔ ናቹራል ነበር የሞላሁት፤ ምክንያቴ ግን የጎበዝ ነው የሚለው አልነበረም። አንድ ጊዜ የአምባዛ እሾህ የወንድሜን መዳፍ ወጋው። ንቀን ተውነው፤ እጁ አብጦ፣ ትኩሳት ይዞት፣ ጤና ጣቢያ ስንወስደው አንዲት ነርስ ቁስሉን ከፍታ ስታጥብ አጠገቧ ቆሜ አየሁ። ጓንቷን አውልቃ ለእናቴ መድኃኒቱን እንዴት እንደሚወስድ ስታስረዳት፣ ይህን ሥራ እሠራለሁ አልኩ። የማውቀው ወደ ነርሲንግ የሚወስደው መንገድ በናቹራል በኩል መሆኑን ያህል ብቻ ነበር።

ዝርዝሩ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ስሜን ከሶሻል አገኘሁት። የናቹራል ክፍሎች ጥቂት ናቸው፣ የፊዚክስ መምህር የለም፣ ስለዚህ ተማሪ በ10ኛ ክፍል የመጀመሪያ መንፈቅ አማካይ ተደርድሮ ከላይ ያለው ናቹራል ገባ፤ ከመስመሩ በታች ያለው ሶሻል ተመደበ። የሞላሁት ቅጽ አልታየም። እናቴ የጥብስ ሽርጧን ሳታወልቅ መጣች።

«መምህር፣ ልጄ የጻፈችው ሌላ፣ የወጣላት ሌላ» አለች።

«እናት፣ ሶሻልም ትምህርት ነው። ደግሞ ለሴት ልጅ ይቀላታል» ተባለች።

ሰውየው ክፉ አልነበረም። ቦታ የለውም፣ መምህር የለውም፣ ከፊቱ መቶ ወላጅ ቆሟል። ግን ለእናቴ አንድ ነገር ሊነግራት ይገባ ነበር፤ ከሶሻል ወደ ጤና ትምህርት መሻገሪያ እንደሌለ። ይህን ባወቀች እዚያው በር ላይ ታድር ነበር። እኔም ያወቅሁት ሳምንታት ካለፉ በኋላ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ለእረፍት የመጣ የጎረቤት ልጅ ሲነግረኝ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ልመናው የጀመረው። በየጊዜው ቢሮው በር ላይ ቆምኩ። ጥቂት ተማሪዎች መዘዋወሪያ ወስደው ሲሄዱ ቦታ ተገኘና ወደ ናቹራል ተዛወርኩ።

ስገባ ፊዚክሱ ቬክተር ጨርሶ ወደ እንቅስቃሴ አልፎ ነበር። መምህሩ ኃይልን በማዕዘን እየከፈለ ሰሌዳው ላይ ሳይን ቴታ፣ ኮስ ቴታ ይጽፋል፤ ክፍሉ ይገለብጣል። እኔ መጀመሪያ ላይ ያልገባኝ ዘግይቼ ስለገባሁ መሰለኝ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተቀመጡትን ስጠይቅ እነሱም አልገባቸውም። ማንም እጁን አንሥቶ «ይህን አልተማርንም» አላለም። መምህሩ እንደተማርን ያስባል፣ የሚቀጥለውን ምዕራፍ ለመጨረስ ይቸኩላል፤ እኛ ደግሞ አለማወቃችንን የራሳችን ድክመት አድርገን ያዝነው። ሁለት ዓመት እንዲሁ አለፈ። 12ኛ ክፍል ካልኩለስ ሲመጣ የትሪጎኖሜትሪ ዴሪቬቲቭ ብለው እንደ ውዳሴ በቃላችን አጠናነው። የክፍል ፈተና ላይ ሠራነው፤ ጥያቄዎቹ ከማስታወሻው ሳይለወጡ ይመጡ ነበርና። ካርዴ ላይ ጥሩ ውጤት ነበረኝ። እናቴ ካርዱን ለዓሣ ደንበኞቿ ታሳያለች።

ከዚያ የ2014 ፈተና የተሰጠበት ጥቅምት 2015 መጣ። ፈተናው ከኩረጃ እንዲጸዳ ተማሪው ሁሉ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስዶ፣ እዚያው እያደረ እንዲፈተን የተደረገው በእኛ ተጀመረ። ውሳኔውን አልቃወምም። ከዚያ በፊት ፈተናው በቴሌግራም ይወጣ፣ በአንዳንድ ቦታ ክፍል ውስጥ በጋራ ይሠራ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን፤ በዚያ መንገድ የገባ ልጅ የጠንካራውን ልጅ ቦታ ይወስድ ነበር። ግን እኛን ያገኘን ሳንዘጋጅ ነው። ከቤቴ ርቄ አድሬ አላውቅም። በአውቶቡስ ተጭነን፣ በር ላይ ተፈትሸን፣ ስልክ የሌለበት ግቢ ገባን። ዶርም ውስጥ አንዷ ሌሊቱን ስትጸልይ፣ አንዷ ስታስመልስ አደረች። ጠዋት ፖሊስ በቆመበት መንገድ ተሰልፈን ወደ አዳራሽ።

እንግሊዝኛና ባዮሎጂ እንደ ምንም ሄዱልኝ። ሒሳቡ ላይ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጥያቄውን አነብበዋለሁ፣ ቃላቱን አውቃቸዋለሁ፣ መንገዱን አላውቅም። ፊዚክስ ላይ መንቀጥቀጡም ቆመ፤ ባዶ ሆንኩ። አጠገቤ ያለችው ልጅ የመልስ ወረቀቷን ከላይ እስከ ታች በአንድ ፊደል ስታጠቁር አየሁ። እስከ መጨረሻው ደወል ተቀምጬ፣ ካነበብኳቸው ውስጥ አንዱን እንኳ «ይህን በእርግጠኝነት አውቀዋለሁ» ማለት ሳልችል ወጣሁ። ይህን ከሞት እኩል ማድረግ አይገባኝም፤ ነገር ግን አሥራ ሁለት ዓመት የለፋሁበት ነገር በእጄ ውስጥ እንደሌለ ያወቅሁበት ሰዓት ነበር፤ ዕድሜዬን ሙሉ አልረሳውም።

ውጤቱ በጥር ወጣ። ከ700 ነበር፤ ማለፊያው 350። የእኔ ሦስት መቶ አልሞላም። ከክፍላችን ያለፈ የለም። ለእናቴ የነገርኳት ምጣዱ ሥር እሳት እያነደደች ነው፤ ምንም አላለችኝም፣ እሳቱን ማራገቧን ቀጠለች። ክፉ ቃል ከእሷ ሳይሆን ከገበያው መጣ። «ካርዷ ላይ የነበረው ውጤትስ?» አሉ። ኮርጃ ያመጣችው ነው ማለታቸው ነበር። ለወራት ወደ ዓሣው ቦታ በጀርባ በኩል ዞሬ እገባ ነበር። ሁለት የክፍሌ ሴቶች በዚያው ሰሞን ወደ ዓረብ አገር ሄዱ። አንዱ ልጅ የከተማችን ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ስፌት ገባ።

ወዲያው ለብዙዎቻችን አንድ በር ተከፈተ። ማለፊያውን ባያመጡም የተሻለ ውጤት ያላቸው ልጆች ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የማካካሻ ትምህርት፣ ሬሜዲያል የምንለውን፣ ወስደው እንደገና እንዲመዘኑ ተወሰነ። እኔም ደረሰኝ። ግን ፈራሁት። ሁለት ዓመት ያልገባኝን በአንድ መንፈቅ በምን ጥበብ ይገባኛል?

የተለወጠው በዚያ የመጠበቂያ ጊዜ ነው። ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር አሞራ ገደል ከዛፎቹ ሥር ተቀምጠን መጻሕፍቱን ከ9ኛ እስከ 12ኛ ዘረጋን። ለማንበብ አልነበረም፤ ለማንበብ አቅሙ አልነበረንም። የወደቅነው የት ላይ እንደሆነ ለማየት ነበር። ያረጀ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ወረቀቶች ገልብጠን፣ የእያንዳንዱን መጽሐፍ ማውጫ በጀርባቸው ጻፍን። ከዚያ ከመጨረሻው ጀመርን። ነርሲንግ ምን ይፈልጋል? ናቹራልን። ናቹራል ፈተናው ላይ ምን ይጠይቃል? ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ ሒሳብ። የ12ኛ ካልኩለስ ምን ላይ ይቆማል? ፈንክሽን ላይ፣ ትሪጎኖሜትሪ ላይ። የ11ኛ ፊዚክስ? ቬክተር ላይ። ቬክተርስ? እንደገና ትሪጎኖሜትሪ ላይ። ከእያንዳንዱ ርዕስ ወደሚቆምበት ርዕስ በቀይ እስክሪብቶ መስመር ሳብን። ወደ ማታ ላይ ወረቀቱን ስናየው ቀዮቹ መስመሮች ከየአቅጣጫው መጥተው አንድ ቦታ ላይ ይሰበሰባሉ፤ የ10ኛ ክፍል ሁለተኛ መንፈቅ። መጋቢት 2012።

ጓደኛዬ አለቀሰች። እኔ ግን ከውጤቱ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነፈስኩ። ሰነፍ ነሽ፣ አእምሮሽ አይቀበልም ሲሉኝ አምኜ ነበር። ወረቀቱ ላይ ያለው ግን ሌላ ነው፤ ስም ያለው፣ ገጽ ያለው፣ ቀን ያለው ጉድለት ነው። ገጹ የሚታወቅ ነገር ደግሞ ይነበባል።

ወንድሜ መረብ እየጠገነ ነበር። ወረቀቱን ወስዶ ለረጅም ጊዜ አየው። «ይኼ እኮ መረብ ነው» አለ፤ «ከዳር ከዳር ስትጠግኚ የኖርሽው። ቀዳዳው እዚህ ነው።» ከዚያ ገብቶ የ2011 የ10ኛ ክፍል መጽሐፉን አመጣ። ከአልጋ ሥር፣ በፌስታል ተጠቅልሎ አስቀምጦት ነበር። የእሱ 10ኛ ክፍል ሙሉ ዓመት ነበር፤ እኛ ያጣነውን ምዕራፍ እሱ ተምሮታል። ትሪጎኖሜትሪን ያስተማረኝ በ10ኛ ክፍል ወድቋል ተብሎ የቀረው ወንድሜ ነው። ሶህ፣ ካህ፣ ቶአ እያለ፣ መረቡን ሳይለቅ፤ ተቃራኒ ጎን፣ አጠገብ ጎን፣ ረጅሙ ጎን። የረሳውን አብረን ፈለግን። አንዳንድ ማታ ከጀልባ ደክሞ ተመልሶ «ሚጣ፣ የትላንቷን መልሽልኝ» ይለኝ ነበር። ይህን ልጅ ከትምህርት ቤት ያስቀረው ሥርዓት ምን እንደጣለ አያውቅም። ይህን ስጽፍ እንኳ ያንገበግበኛል።

ሬሜዲያሉን የወሰድኩት ከክልላችን ውጭ በሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ነው። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፤ ዩኒቨርሲቲው የሚሰጠው ምዘና አለ፣ ከሚኒስቴሩ የሚመጣ ማዕከላዊ ፈተና አለ። ካለፍሽ ፍሬሽማን ትሆኛለሽ፣ ካላለፍሽ ወደ ቤት። ግቢው ውስጥ «ሬሜዲያል» እንደ ስድብ ይነገር ነበር፤ ካፌ ውስጥ ሰልፍ ላይ እንኳ ስማችንን አንጠራም። የቀን መቁጠሪያውን ወረቀት ዶርም ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ልጆቹ መጀመሪያ ጠየቁኝ፣ ከዚያ የየራሳቸውን መሳል ጀመሩ። የእያንዳንዷ ቀዳዳ ሌላ ቦታ ነበር። ከወሎ የመጣችው የ12ኛ ክፍልን መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት ወስዶባታል። አንዷ 9ኛ ክፍልን ሙሉ የኬሚስትሪ መምህር ሳይኖራት ነው ያለፈችው፤ ሞልን የሰማችው 11ኛ ላይ ነው። ሌላዋ ምንም አልቀረባትም፤ የእሷ ችግር እንግሊዝኛው ነው፣ ጥያቄውን በአማርኛ ስንነግራት ትሠራዋለች። ሁላችንም ግን አንድ ዓይነት «የማለፊያ ነጥብ አላመጡም» ተብለን፣ አንድ ዓይነት ማስታወሻ ተሰጥቶን፣ ከ11ኛ ክፍል አንደኛ ምዕራፍ ጀምረን እንድንከልስ ተደርገናል።

እኛ ሌሊት ሌሊት ወደየቀዳዳችን ወረድን። ኬሚስትሪ የምታውቀው ለኬሚስትሪዋ፣ እኔ ለትሪጎ። ቀን ቀን መምህሩ የሚያስተምረው ቀስ በቀስ ሰው የሚናገረው ቋንቋ መሰለኝ። አንድ ቀን ዘንበል ያለ ሜዳ ላይ የሚንሸራተት ዕቃ ጥያቄ ተሰጠን፤ ኃይሉን ራሴ ከፈልኩት፣ ማዕዘኑ ለምን ሳይን እንደሚሆንና ለምን ኮሳይን እንደማይሆን አወቅሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ከሰሌዳ የገለበጥኩት ያው ጥያቄ ነበር። ማዕከላዊ ፈተናው ላይ ፈራሁ፤ ባዶ ግን አልሆንኩም። አለፍኩ። ከዶርማችን ሁለቱ አላለፉም፤ አንደኛዋ ያቺ እንግሊዝኛው የከበዳት ናት። ትሠራው እንደነበር የማውቅ እኔ ነኝ፤ ስለዚህም እመሰክርላታለሁ።

ፍሬሽማን ዓመቱንና የዲፓርትመንት ምርጫውን በአጭሩ ልለፈው፤ ነርሲንግ መረጥኩ፣ ደረሰኝ። ከፊቴ የመውጫ ፈተና አለ። ከልምምድ ስመለስ እጄ የሚሸተው አልኮል ነው።

ከእኛ በኋላ በ2015 ያለፉት ከመቶ 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 ናቸው። እየጨመረ ነው፤ ደስ ይለኛል። አሁን ከ9ኛ እስከ 12ኛ አንድ ደረጃ ሆኗል፣ መጻሕፍቱም አዲስ ናቸው፣ ፈተናውን በኮምፒውተር የሚወስዱም አሉ። ግን ከመቶ ከ90 በላይ የሚሆነው ተፈታኝ አሁንም ማለፊያ አያመጣም፤ የት ላይ እንደወደቀ የሚነግረውም የለም። 9ኛ ክፍል ሲገባ አንድ ወረቀት ቢሰጠው፤ ይህ ትምህርት ያንን ይሸከማል፣ ይህን መስክ ብትመርጥ እነዚህ ሙያዎች ይከፈታሉ፣ እነዚህ ይዘጋሉ የሚል። 10ኛ ላይ አንድ መምህር ከእያንዳንዱ ልጅ ጋር ተቀምጦ የቀረውን ምዕራፍ በስሙ ቢጠራው። ላቦራቶሪ መሥራት ብዙ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ይህ ግን የሚፈልገው ወረቀትና አንድ ከሰዓት ነው። እኛ ከዛፍ ሥር፣ በቀን መቁጠሪያ ጀርባ ሠርተነዋል።

እህቴ ዘንድሮ 10ኛ ክፍል ናት። ቅጹ ሲመጣ ደወለችልኝ፤ ለእረፍት ስመጣ ወረቀቶቹን ዘረጋን። ሰፈሩ ሁሉ እንደ እህትሽ ናቹራል ግቢ ይላታል። እናቴም በውስጧ ይህንኑ ትፈልጋለች። እህቴ ግን የእናቴን የገበያ ሒሳብ የምትይዘው እሷ ናት፤ ዓሣ ስንት ተገዛ፣ ዘይት ስንት ጨረሰ፣ ማን በዱቤ ወሰደ፤ ኢኮኖሚክስ መማር፣ ሂሳብ አያያዝ መሥራት ነው የምትፈልገው። ከመጨረሻው ጀምረን ወደ ኋላ መጣን። ሶሻል ይወስዳታል። የሚዘጋባትን በሮች አንድ በአንድ ነገርኳት፤ ጤና፣ ምህንድስና፣ ግብርና። አሰበችበት፤ እናቴ ባለችበት «እነዚህን አልፈልጋቸውም» አለች። እናቴ ዝም አለችና «ሒሳቡስ ይቀርላታል?» ብላ ጠየቀችኝ። አይቀርም። የ12ኛ ክፍል ሒሳብ ለሶሻሉም ካልኩለስ አለው፣ ስታቲስቲክስ አለው፣ ለንግድ የሚሆን ሒሳብም አለው። ቅጹን አስገብታለች። አሁን ወንድሜ ጋ ፈንክሽን እየከለሰች ነው።